የብር ጣሳው ምን ይላል?

ደሴ ውስጥ ማህተም ቀራጭ ነኝ። የእድር፣ የማኅበርና የሱቅ ማህተም እቀርጻለሁ፤ ለእግር ኳስ አሸናፊ ዋንጫ ላይ እጽፋለሁ፤ የሰርግ ወቅት ሲደርስ ደግሞ ቀለበት ውስጥ የሙሽሮች ስም አስገባለሁ። ሱቄ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ናት፤ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ደጅ ቆሞ የሚያወራባት ጠባብ ክፍል። ሥራዬን እወደዋለሁ። ግን አንድ በሽታ አለብኝ፤ የተጻፈ ነገር ሳላነብ ማለፍ አልችልም። የሲሚንቶ ከረጢት፣ የጭነት መኪና ጀርባ፣ የመድኃኒት ጠርሙስ፣ የመቃብር ድንጋይ፣ ምንም አይቀረኝም። ባለቤቴ "አንተ እኮ የሰው ግንባር ላይ ተጽፎ ብታገኝ ሰላምታውን ትተህ እሱን ነው የምታነበው" ትለኛለች። እውነቷን ነው።

ይህ በሽታዬ አንድ ጊዜ የገዛ ዘመዶቼን ሊያስቀይምብኝ፣ ከዚያም አልፎ ሰው ሊጎዳብኝ ነበር። የማወራው ስለሱ ነው።

ክረምቱ ሊገባ ሲል የአባቴ እህት ከደሴ ዙሪያ መጡ። አክስቴ ሰባን ያለፋቸው ባልቴት ናቸው፤ ዛሬም ጎመንና ካሮት ያበቅላሉ፤ ወደ ከተማ ሲወጡ አንድ ፌስታል ጎመን ሳይዙልኝ መጥተው አያውቁም። ያን ቀን ግን ጎመን የለም። በሻሽ የተጠቀለለ ነገር ከጉያቸው አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩና በሩን ወደ ኋላቸው ገፋ አደረጉት።

"እቴቴ፣ ምነው፣ ደህና አይደሉም?" አልኳቸው።

"አልሀምዱሊላህ። አንተ የፊደል ሰው ነህ ብዬ ነው የመጣሁት። ይሄን አንብብልኝ።"

ሻሹን ስፈታው የብር ጣሳው ነው። አወቅሁት፤ በአባቴ ወገን የማያውቀው ሰው የለም። በኛ ዘንድ ሴት ልጅ ምጥ ሲይዛት እናቷ በዚህ ጣሳ ውኃ ታጠጣታለች። ከአያቴም፣ ከአያቴ እናትም በፊት እንዲያ ነበር ይባላል። ውስጡን ዙሪያውን ጽሑፍ አለበት፤ መሀሉ ላይ አበባ የሚመስል ነገር ተቀርጿል። ጽሑፉ የአላህ ቃል ነው ሲባል ነው ያደግነው። ማን አንብቦት እንዲህ እንዳለ ግን ጠይቆ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ብሩ ጠቁሮ፣ ፊደሉ ጥላ መስሎ ነበርና ለማንበብም አይመች።

አሁን ግን ጣሳው ያበራል። ደነገጥኩ።

"ማን ነው ያጠበው?"

"ልጄ ናታ፣ ሌላ ማን አለኝ" አሉ አክስቴ፣ በርጩማዬ ላይ እየተቀመጡ።

አንድ ልጅ ብቻ ነው ያለቻቸው። ኮምቦልቻ ልብስ ፋብሪካ ትሠራለች፤ ከባሏ ጋር እዚያው ቤት ተከራይተው ይኖራሉ። የመጀመሪያ እርግዝናዋ ያለጊዜው ሥራ ቦታ ላይ ምጥ አምጥቶባት፣ እናቷ ጣሳውን ይዘው ሳይደርሱ ተገላገለች፤ ልጁም አንድ ቀን ሳያድር ሞተ። አክስቴ ያንን ነገር ከራሳቸው ላይ አውርደውት አያውቁም። "ውኃውን ሳላጠጣት" ይላሉ፤ ዓረፍተ ነገሩን ግን ጨርሰውት አያውቁም። ዘንድሮ ዳግመኛ ስታረግዝ እንዳይቀደሙ ብለው ጣሳውን ቀድመው ኮምቦልቻ ወስደው አስቀመጡላት። ልጅቱ ደግሞ ንጽሕና የምትወድ ናት፤ በአመድና በሎሚ አሽታ አሽታ የስንት ዘመን ጥቁሩን አወለቀችው። ከሥሩ አበባው ወጣ፣ ፊደሉ ወጣ፣ ከአበባው አናት ላይ ደግሞ አንዲት ትንሽ መስቀል ወጣች።

"'እማ፣ ይሄ መስቀል ነው እኮ' አለችኝ" አሉ አክስቴ። "የለም፣ የተሰነጠቀ ነገር ይሆናል አልኳት። ዓይኔ ጥቃቅን ነገር አያይም፤ በጣቴ ዳሰስኩት። እውነትም መስቀል ነው፣ የወንድሜ ልጅ። እና ምን እንደሚል ሳላውቅ ከንፈሬን አላስነካውም ብላ ቁርጡን ነገረችኝ።"

እዚያው ሆኜ ስልክ ደወልኩላት። ከእሷ በዕድሜ ስለምበልጥ አያ ነው የምትለኝ።

"አያ፣ መስቀል ጠልቼ እንዳይመስልህ" አለችኝ። "ጎረቤቶቼ ግማሾቹ ክርስቲያን ናቸው፤ በዓላቸውም በዓሌ ነው። ግን አንድ ልጅ ሞቶብኛል። ወደ አላህ ስለምን ምን ይዤ እንደምለምን ማወቅ አለብኝ። እማ ደግሞ ያለ ጣሳው አትውለጂ ትላለች። መሀል ቤት ጨንቆኛል።"

"መቼ ነው የምትወልጂው?"

"ሦስት ሳምንት ይቀርሻል አሉኝ።"

"አብሽሪ፤ በሦስት ቀን አነብልሻለሁ" አልኳት። አፌ ሁልጊዜ ከእጄ ይቀድማል።

አክስቴ ከሄዱ በኋላ ሱቁን ዘጋሁና ጣሳውን መብራት ሥር ይዤ ተቀመጥኩ። ፊደሉን አላውቀውም። አንዳንዱ የፈረንጅ ፊደል ይመስላል፣ ግን የተገለበጠ ነው፤ አንዳንዱ ምንም አይመስልም። የተገለበጠ ጽሑፍ ለኔ አዲስ ነገር አይደለም፤ ማህተም ተገልብጦ ነው የሚቀረጸው። ስለዚህ እንደ ማህተም አየሁት። ጥቁር የጫማ ቀለም በጣቴ ቀባሁበት፣ ፊቱን በጨርቅ ጠረግሁ፣ ቀለሙ ፊደሉ ውስጥ ቀረ፤ ከዚያ ስስ ወረቀት አስጠግቼ በማንኪያ ጀርባ አሸሁት። ወረቀቱ ላይ ቁልጭ ብሎ ወጣ። ግራ ቀኙን ቢያቀያይሩት ያው ነው፤ አይነበብም።

በነጋታው ወረቀቱን ይዤ ሰፈራችን መስጊድ ቁርአን ወደሚያስቀሩ ሼህ ሄድኩ። መነጽራቸውን አድርገው፣ አዙረው፣ መልሰው አዙረው፣ "ይሄ ዐረብኛ አይደለም። የቤተ ክርስቲያን ጽሑፍ ሳይሆን አይቀርም፤ ይኸው መስቀሉም" አሉኝ። ከዚያ ዋንጫ ያሠራኝ ከነበረ ሰው ጋር ሆኜ ግእዝ ወደሚያስተምሩ የኔታ ሄድኩ። የኔታም አዙረው፣ መልሰው አዙረው፣ "ግእዝ አይደለም፤ የእስላም ጽሑፍ ነው መሰለኝ" አሉ። ሁለቱም በጣም ትሑት ሆነው ነው አንዱ ለሌላው የሰጡት። እየሳቅሁ ተመለስኩ። ሳቄ ግን ለአክስቴ የሚሆን መልስ አልነበረም።

በአራተኛው ቀን መብራት ጠፋ። ማሽኔ ቆመ፣ እኔም ሥራ ፈታሁ። የጣሳውን ፎቶ አንስቼ ስልኬ ላይ "ይህን የሚመስል" ብዬ ፈለግሁ። ያመጣልኝን ነገር ሳይ ከወንበሬ ልወድቅ ነበር። የወርቅ ሳህን ነው፤ መሀሉ ላይ መስቀል፣ በመስቀሉ ዙሪያ ክብ ሠርቶ የሚዞር ጽሑፍ። ሌላም አለ፤ የወርቅ ማንቆርቆሪያ፣ የወርቅ ዋንጫ፣ ትልቅ ንስር ሰው ተሸክሞ የሚበርበት ማሰሮ። አንድ ገበሬ እርሻው ውስጥ ሲቆፍር ያገኘው ነው ይላል፤ በሩቅ አገር፣ አውሮፓ ውስጥ።

እንግሊዝኛዬ የማህተም ያህል ናት፤ ቃል በቃል እየለቀምኩ አነበብኩ። ዕቃው የቡልጋሮች ሳይሆን አይቀርም ይላሉ፤ ዛሬ ቡልጋሪያ የሚባለው አገር ስሙን የወረሰው ከነዚህ ከድሮዎቹ ፈረሰኞች ነው። የለም፣ የሌላ ሕዝብ ነው የሚሉም አሉ። እኔን ያስደነቀኝ ጽሑፉ ነው። አንዱ ዕቃ ላይ ያለው ፊደል የግሪክ ነው፤ ቋንቋው ግን ግሪክኛ አይደለም። የራሳቸው ፊደል ያልነበራቸው ሰዎች የጎረቤታቸውን ፊደል ተውሰው የራሳቸውን ነገር ጽፈዋል ማለት ነው። ምን እንዳሉ ዛሬም ድረስ አልተስማሙበትም። መስቀል ያለበት ሳህን ላይ የሚዞረውን ጽሑፍ ደግሞ አንዳንዶች ስለ ውኃና ስለ ጥምቀት ነው ይሉታል፤ ሌሎች አይቀበሉም። ከዕቃዎቹ ሥር በሹል ነገር የተጫሩ ምልክቶችም አሉ። የባለቤት ምልክት ይሁን፣ ሌላ ፊደል ይሁን፣ የልጅ ጨዋታ ይሁን ማንም አያውቅም። ትልልቅ ሰዎች ዕድሜያቸውን በዚያች ጭረት ላይ ጨርሰዋል።

ልቤ ጠፋ። ውኃ፣ መስቀል፣ የተውሶ ፊደል፣ ዙሪያውን የሚዞር ጽሑፍ፤ የኛ ጣሳ ማለት እኮ ነው። ቡልጋር ወሎ ገባ ብዬ አላበድኩም። ግን የሆነ ሰው፣ የሆነ ዘመን፣ የራሱን ቋንቋ በሰው ፊደል ጽፎልን ቢሆንስ? ከዚያ ቀን ጀምሮ ማህተም ሊያሠራ የመጣውን ሁሉ ቁጭ አድርጌ ስለ ቡልጋሮች አወራለሁ። አንድ የእድር ዳኛ "ወንድሜ፣ እኔ የመጣሁት ለቀባሪ ማህተም ነው" ብለው ተነሡብኝ። ከነገሩ ጦም እደሩ ማለት ይሄኔ ነበር፤ እኔ ግን ጆሮ አልነበረኝም።

ሦስቱ ቀን ዐሥር ቀን ሆነ። አክስቴ በየቀኑ ይደውላሉ፤ እኔም በየቀኑ "እያጣራሁ ነው" እላለሁ። አንዴ ደግሞ ደስታዬ ገንፍሎ "እቴቴ፣ ይሄ ነገር እኮ ትልቅ ነገር ሊሆን ይችላል" አልኳቸው።

"ትልቅ ሆኖ ልጄን ካልጠቀመ ምን ያደርግልኛል?" አሉና ስልኩን ዘጉት።

በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ራሳቸው መጡ። ዝናብ ነክሯቸዋል። አልተቀመጡም።

"ፋቀው" አሉኝ።

"ምኑን?"

"መስቀሉን። እንደማታነበው አየሁ። መስቀሉን ፋቀውና የቀረውን ለአላህ እንተወው። እሷም መስቀል ካላየች ትጠጣለች። አሁን፣ እዚሁ ቆሜ ሳለሁ።"

ልነግራቸው ፈለግሁ፤ አይፋቅም፣ ይሄ ተፍቆ ከጠፋ ተመልሶ አይገኝም ልላቸው። ግን ዓይናቸውን ሳይ አልቻልኩም። ልጃቸው ያለ ውኃው ልትወልድባቸው ነው፤ እኔ ደግሞ ጣሳውን ይዤ ስለ ወርቅ ሳህን አወራለሁ። አፈርኩ። የኤሌክትሪክ መቅረጫዬን አስነሣሁ። እጄ ሃያ ዓመት የሠራ እጅ ነው፤ ያን ቀን ግን አልታዘዝ አለኝ። መስቀሉን ልነካ ስል ጫፉ ተንሸራተተና ከጎኑ፣ የጥፍር ርዝመት ያህል፣ ጭረት ጫረ። ማሽኑን አጠፋሁት። መስቀሉ እንዳለ ነው፤ ከጎኑ ግን የኔ ጭረት ተጨመረበት።

አክስቴ አላዩም። ዓይናቸው ጥቃቅኑን አያይም። እኔም አልነገርኳቸውም።

"እቴቴ፣ ዛሬ ማሽኑ እሺ አላለኝም" አልኩ። "እስከ ማክሰኞ ይተዉልኝ። ሰኞ አንድ የብር አንጥረኛ አያለሁ፤ እሱም ካላወቀው፣ ወላሂ ማክሰኞ እፍቀዋለሁ።"

"ማክሰኞ" አሉና ወደ ዝናቡ ወጡ።

ሰኞ ዕለት፣ ሰኞ ገበያ ሰው ሰውን ተሸክሞ ነው የሚሄደው። ጣሳውን ደረቴ ላይ አጣብቄ፣ በሽንኩርቱ፣ በጫማው፣ በዶሮው መሀል እየተጋፋሁ ወደ አንድ ሽማግሌ አንጥረኛ ደረስኩ። ከአባታቸው የወረሱት ሥራ ነው። አሮጌ ብር ይገዛሉ፣ ያቀልጣሉ፣ የአንገት ጌጥ ይሠራሉ። ሌላው ሰው ሁሉ ጣሳውን ሲያይ መጀመሪያ ፊደሉን ነበር ያየው። እሳቸው ፊደሉን አላዩትም። በጥፍራቸው የጣሳውን ከንፈር መቱና ጆሯቸውን አስጠጉ።

"ጠገራ ነው" አሉ።

"እንዴት አወቁ?"

"ልጄ ስትጠራኝ ድምጿን አላውቅም? የጠገራ ብር ድምፅ ነው።" ከዚያ መሳቢያቸውን ጎትተው አሮጌ የሙሽራ ጌጥ አወጡ፤ መሀሉ ላይ አንድ ጠገራ፣ ያ የዱሮው የፈረንጅ ብር፣ ተንጠልጥሎበታል። በአንዱ ገጹ ያለውን የፈረንጅ ንግሥት ፊት ገለበጡና ጀርባውን ወደ ላይ አድርገው ከጣሳው ጎን አኖሩት።

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ጠገራ አይቼ አላውቅም ማለት አይደለም፤ ደሴ አድጎ ጠገራ ያላየ ማን አለ። እንዲህ አጠገብ ለአጠገብ ግን አላየሁም። ጠገራው ላይ ሁለት ራስ ያለው ንስር አለ፤ ክንፉን ዘርግቷል፤ ከራሱ በላይ ዘውድ፣ ከዘውዱ ጫፍ ላይ ደግሞ ትንሽዬ መስቀል። ዙሪያውን የፈረንጅ ፊደል ይዞራል። የኛ አበባ አበባ አልነበረም። ሁለት አንገቱ ወዲህና ወዲያ የተዘረጋ ወፍ ነበር። መስቀሏ የዘውዱ ጫፍ ናት። ፊደሉም ከጠገራው ዙሪያ የተቀዳ ነው፤ የቀዳው ሰው ማንበብ ስለማይችል አንዳንዱን ገልብጦታል፣ ጣሳው ከጠገራው ስለሚሰፋ ደግሞ ዙሪያው እስኪሞላለት የጻፈውን እየደጋገመ ሄዷል። ሁለት ሳምንት ሙሉ ከሩቅ አገር ያመጣሁት ምሥጢር እዚሁ ሰኞ ገበያ መሳቢያ ውስጥ ተኝቶ ነበር። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይላሉ፤ የኔ ጉድ ከመስከረምም ቀደመ።

"ግን ለምን?" አልኳቸው። "ጠገራውን አቅልጦ ሲያበቃ፣ መልኩን መልሶ ጣሳው ላይ መሣል ለምን አስፈለገው?"

ሽማግሌው ፈገግ አሉ። "አንጥረኛን ማን ያምናል? ያኔም ዛሬም አያምኑንም። የዱሮ ሰው ጠገራውን ያመጣና 'መዳብ እንዳትቀላቅልብኝ' ብሎ ከፊታችን ቁጭ ይላል። ዓይኑ እያየ ይቀልጣል፣ ዓይኑ እያየ ይሠራል። አባቴ እንደነገረኝ፣ አንዳንዱ ሠሪ በመጨረሻ የጠገራውን ምልክት ዕቃው ላይ ያኖርለታል። ማንበቡን አያውቀውም፤ ግን ያንን ምልክት ሰው ሁሉ ያምነዋል። ይሄ አደራህ ነው፣ ምንም አልቀላቀልኩበትም ማለቱ ነው። መሐላው ነው።"

አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ያን ያህል ደስ ብሎኝ አያውቅም። ምናልባት የቡልጋሮቹም አንጥረኛ የሚታመን ሰው ፊደል ተውሶ የራሱን መሐላ ጽፎ ይሆናል እያልኩ፣ ጣሳውን እያገላበጥኩ ሳለ ስልኬ ጮኸ። የልጅቱ ባል ነው፤ እሱም ከዚያው ፋብሪካ ፈረቃ ወጥቶ እየሮጠ ይመስላል፣ ትንፋሹ ይቆራረጣል።

"ምጥ ይዟታል፤ ቀኗ ሳይደርስ። ጤና ጣቢያ ነች፤ እናቷም ደርሰዋል። ጣሳው የታለ እያሉ ነው።"

ሽማግሌውን ማመስገኔን እንኳ አላስታውስም። ሚኒባሱ ሲሞላ፣ ሲነሣ፣ ሐረጎ ቁልቁለት ላይ ጉም ወርዶ ሾፌሩ እየዳበሰ ሲነዳ፣ ጣሳውን ጭኔ ላይ ይዤ የማስበው አንድ ነገር ነበር። በሦስት ቀን አነብልሻለሁ ብያት ነበር። ጣሳው ሁለት ሳምንት ከኔ ዘንድ የተቀመጠው ለእሷ ሳይሆን ለኔ ነበር። ከአንዱ ኩርባ ወደ ሌላው ስንዞር ደግሞ ያ የመጀመሪያው ልጅ ትዝ ይለኝ ነበር። አንድ ነገር ብትሆን አክስቴን በየትኛው ዓይኔ አያቸዋለሁ?

ኮምቦልቻ ስደርስ ሞቆ ነበር። ልጅቱን ጤና ጣቢያው ኮሪደር ላይ አገኘኋት፤ አዋላጇ ነርስ ተራመጂ ብላት ግድግዳውን ይዛ ትራመዳለች። አክስቴ ከኋላዋ ናቸው። ሰላምታ የለም።

"አያ፣ ምን ይላል?" አለችኝ።

ነገርኳት። በአንድ ትንፋሽ ጠገራውን፣ ንስሩን፣ ዘውዱን፣ አንጥረኛውን ነገርኳት። "መስቀሏ የጸሎት መስቀል አይደለችም፤ ከዘውድ ላይ የተቀዳች ናት። ጽሑፉም ሠሪው ሊል የፈለገው፣ ይሄ ንጹሕ ብር ነው፣ አልቀላቀልኩበትም ነው። ሌላ ምንም የለውም።"

ምጡ መጥቶባት ዓይኗን ጨፈነች፤ እስኪያልፍ ጠበቅሁ።

"ይሄው ነው?" አለች።

"ይሄው ነው፤ ወላሂ።"

"አልሀምዱሊላህ" አለች፣ ትከሻዋም ዝቅ ሲል አየሁት። ኩራት ተሰማኝ። እንዲመርቁኝ ወደ አክስቴ ዞርኩ። አክስቴ ጣሳውን ከእጄ ወስደው ቆመዋል፤ ፊታቸው ግን የሚመርቅ ሰው ፊት አልነበረም።

"እንግዲያ የአላህ ቃል የለበትም?" አሉኝ።

እግዜር ያሳያችሁ፤ ይህን ነገር አንድም ቀን አላሰብኩትም። ስለ መስቀሉ አስቤያለሁ፣ ስለ ፊደሉ አስቤያለሁ፣ ስለ ቡልጋሮች ወርቅ አስቤያለሁ። መስቀሉን ሳነሣ ቁርአኑንም አብሬ እንደማነሣው ግን አልታየኝም።

"የለበትም፣ እቴቴ" አልኩ።

"እናቴ ስታጠጣኝም አልነበረበትም?"

"አልነበረበትም።"

አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። "ባዶ ብር ነበር የጠጣነው" አሉ፣ ለራሳቸው በሚመስል ድምፅ። ምላሴን በቆረጠው ብዬ ተመኘሁ። ምናለ አላወቅሁትም ብል ኖሮ? ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ እኔ ግን ዝም ማለት መቼ ለምዶብኝ።

ልጅቱ ሌላ ምጥ አሳልፋ ቀና አለች። "እማ፣ ውኃውን ስጪኝ።"

"ምኑን ልስጥሽ፣ ልጄ? ምንም የለበትም እኮ።"

"አያቴ ስትሰጥሽ ዝም ብላ ነበር የሰጠችሽ?"

አክስቴ አሰቡ። "ዝም ብላማ አይደለም። ትቀራበት ነበር። ሦስት ጊዜ ፋቲሓ ቀርታ፣ እፍ ብላበት ነው የምትሰጠኝ።"

"እና አንቺም ቅሪበት።"

አክስቴ ልጃቸውን አዩ፤ ጣሳውን አዩ። ከዚያ ከሃይላንድ ጠርሙስ ውኃ ቀዱና ቢስሚላህ ብለው ጀመሩ። መጀመሪያ ድምፃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር፤ በሦስተኛው ጊዜ ጠራ። ነርሷ ምጡን ልትለካ መጥታ ነበር፤ እጇን አጣምራ ጠበቀች። አክስቴ ሲጨርሱ ውኃው ላይ እፍ አሉበትና ለልጃቸው አቀረቡላት። ልጅቱ በሁለት እጇ ተቀብላ አንዲት ጠብታ ሳታስቀር ጠጣችው።

ከቀኑ ዐሥር ሰዓት ገደማ ወለደች። ሴት ልጅ ናት፤ ትንሽ ናት፣ ግን ጩኸቷ ኮሪደሩን ሞላው። ባሏ ግድግዳ ተደግፎ አለቀሰ፤ እኔም አለቀስኩ፣ ምን እሸሽጋለሁ።

በኋላ አክስቴ ጣሳውን ሊያጥቡ ግቢው ውስጥ ወዳለው ቧንቧ ወረዱ፤ እኔም ተከተልኳቸው። ዓይናቸው ጥቃቅኑን ስለማያይ በአውራ ጣታቸው እየዳበሱ ነው የሚያጥቡት፤ ፊደሉን፣ የወፉን ክንፍ፣ መስቀሏን። ከመስቀሏ ጎን ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። ተመለሰ፣ እንደገና ዳሰሰ።

"ይኼኛውስ ምን ይላል?" አሉኝ።

የሠሪው እጅ ነው ብላቸው ማን ያውቅብኛል። ያ የቡልጋሮች ዕቃ ሥር ያለው ጭረት ትዝ አለኝ፤ ስንት ሰው ዕድሜውን የጨረሰበት።

"እሱ የኔ ነው፣ እቴቴ" አልኩ። "ያን ቀን ልፍቀው ስል እጄ ስቶ ነው። ፈርቼ ነው ያልነገርኩዎ። አሁንም ቢሆን አለስልሼ አጠፋዋለሁ፤ ምልክቱም አይታወቅም።"

"አትንካው።" ጣሳውን በሻሹ አድርቀው ጠቀለሉና ጉያቸው ከተቱት። "ይቺ ልጅ አድጋ ስትወልድ፣ ይሄ ምንድን ነው ማለቷ አይቀርም። የምትነግራት አንተ ነህ። እስከዚያ ኑርልኝ።"